መንገድ በተዘጋበት ቀን አይሞትም

«መንገድ በተዘጋበት ቀን አይሞትም» አለች ብርሃነሽ።

ይህን ያለችው ለሐኪሙ ነው። ሐኪሙ የነገራት ስለ ባሏ ስለ ፈቀደ አንጎል ነበር። አንጎሉ ሥራውን አቁሟል፤ ደረቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው በጉሮሮው የገባው ቱቦና አጠገቡ የቆመው ማሽን ነው፤ ማሽኑ ከተነሳ ብዙ አይቆይም፤ ቤተሰብ ተመካከሩና ቁርጡን ንገሩን አላት። እሷ ደግሞ ስለ መንገድ መለሰችለት። ሐኪሙ፣ ሰው ሲጨንቀው የሚናገረውን አያውቅም ብሎ በሆዱ አለፋት። ተሳስቷል። ብርሃነሽ የምትናገረውን አሳምራ ታውቅ ነበር።

ጊዜው የ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚዘረጋው ማስተር ፕላን ከመሬታችን ይነቅለናል ያለው ሕዝብ ቁጣ ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ሰበታን አዳርሷል። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ጎማ ይነዳል፤ ሚኒባሶቹ ከቆሙ ሰንብተዋል፤ ስልኩም ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ድምፁ ይጠፋል። የሞተ አለ። የታሰረ አለ። ልጁ የት እንደገባ የማያውቅ ወላጅ በየደጁ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል።

ብርሃነሽ የቡራዩ ሰው እንጂ የቡራዩ ተወላጅ አይደለችም። ገና ኮረዳ ሳለች አክስቷን ተከትላ ከወላይታ መጣችና ሕንፃ ሥራ ገብታ ሲሚንቶ ስትሸከም ኖረች። አሁን አትክልት ትቸረችራለች። ቲማቲሟን እየነካካ የሚያልፍ ሰው ወዮለት! ስትሸጥ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለች ነው፤ ስትቆጣ ግን በወላይትኛ ነው የምትሳደበው፤ ጎረቤቶቿም ስድቡ ስለማይገባቸው ይስቃሉ።

ፈቀደን ያገኘችው ከመሬት ሥር ነው። አንድ ቀን ሲሚንቶ ተሸክማ ስታልፍ ከእግሯ በታች መዝሙር ሰማች፤ ያውም በእናቷ ቋንቋ። ደንግጣ ሸክሟን አወረደችና ወደ ጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ብላ «ማነህ አንተ?» አለች። ከጨለማው ውስጥ ጭቃ የለበሰ ፊት ቀና አለና «አንቺስ ማነሽ? ብርሃኑን ጋረድሽብኝ እኮ!» አላት። በዚሁ ተጋቡ ማለት ይቻላል።

ሥራው የውኃ ጉድጓድ መቆፈር ነበር። ገፈርሳ ግድብ አጠገባቸው ተንጣሎ ውኃውን ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ የቡራዩ ሰው ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። ይህን ማን እንዳመጣው አይጠየቅም፤ ብቻ ለጉድጓድ ቆፋሪ ሥራ አይጠፋም። ከከታ እስከ መናገሻ ፈቀደ ያልወረደበት ግቢ ጥቂት ነው። ሲቆፍር ይዘምራል፤ የግቢው ልጆችም ዙሪያውን ተቀምጠው መሬት ስትዘምር ይሰማሉ።

አንድ አመል ነበረው፤ ብርሃነሽን የሚያንገበግብ አመል። የሰው ለቅሶ አያልፍም። ሟቹ የኦርቶዶክስ ይሁን የጴንጤ፣ የሙስሊም ይሁን ባህሉን የያዘ የገፈርሳ ገበሬ፣ ጡሩምባው ከተሰማ ፈቀደ አካፋውን ይዞ ይወጣል። መቃብሩን ቆፍሮ፣ አስቀብሮ፣ ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዞ አምሽቶ ይመጣል። «ሌላው ባል ሴት ያሳድዳል፣ የኔው ሬሳ ያሳድዳል!» ትል ነበር። እሱ ይስቃል፤ በማግስቱም ይሄዳል።

ታዲያ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ አሥራት የሚባል የአገራቸው ልጅ ታሞ ሞተ። ለብቻው ኗሪ ነበር። በዚያ በኩል ወታደር፣ በዚህ በኩል ድንጋይና እሳት፤ ሰው ከቤቱ መውጣት ፈርቷል። ሬሳው በጋሪ ሄደ። የቆፈሩት ናቸው የተሸከሙት፣ የተሸከሙት ናቸው የጸለዩት፤ ከዚያ ውጭ ሰው አልነበረም። ፈቀደ ያን ቀን ቤት ገብቶ ምግብ አልቀመሰም። እጁን ሳይታጠብ ተቀመጠና «ብርሃነሽ፣ እኔን እንዲህ እንዳትቀብሩኝ» አላት። ከዚያ በፊት ስለ ራሱ ሞት አንስቶ አያውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ከጉድጓድ ሲያወጡት ገመዱ ከመሐል ተበጠሰ። አንድ ጎረቤት በአይሱዙው ጭኖ በገጠር መንገድ እየተሽለኮለከ አዲስ አበባ ሆስፒታል አደረሰው። ከዚያ ወዲህ አልነቃም።

ስለዚህ ብርሃነሽ ለሐኪሙ ስትመልስ ቀልቧን ስታ አልነበረም። ባሏ እንደማይነሳ ከገባት ቆይቷል። ፊቱን አይታለች፤ እጁን ይዛለች፤ ያ እጅ የሷ ፈቀደ እጅ እንዳልሆነ አውቃለች። እሷ የምትለምነው ትንሽ ነገር ናት፦ መንገዱ እስኪከፈት ይተንፍስ። ሰው እስኪመጣለት ይተንፍስ። እንደ አሥራት በጋሪ አይሂድ።

ይህን ለሐኪም ማስረዳት አልሆነላትም። የባሰው ደግሞ ለዮአብ ማስረዳት ነበር።

ዮአብ የፈቀደ ታናሽ ወንድም ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ፈቀደ ነው ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ ሱሉልታ አበባ እርሻ ላይ ሥራ ያስገባው። ወሬውን እንደሰማ ከሱሉልታ ተነስቶ የእንጦጦን ዳገት በእግሩ ወጥቶ ወርዶ መጣ። አልጋው አጠገብ ቆሞ ቱቦውን አየ፤ ፕላስተር የተለጠፈበትን የወንድሙን አፍ አየ፤ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ሲመለስ ፊቱ ጠንክሯል።

«ይበቃዋል። ይንቀሉለት» አላት።

«መንገዱ ይከፈት።»

«የምን መንገድ ነው የምትይኝ? ወንድሜ እኮ ሄዷል ብርሃነሽ! በሕይወቱ ማንም ላይ ሸክም ሆኖ አያውቅም። አሁን እንዲህ ታስሮ፣ በሰው ማሽን ተነፍቶ... እሱ ቢያይሽ ምን ይልሽ ነበር?»

«የሚለኝን ብሎኛል። እንዲህ አትቅበሩኝ ብሎኛል።»

«ታዲያ የያዝሽው እሱን ነው ቀብሩን?»

ብርሃነሽ ነደደች። «ያሳደገህን ሰው ለመቅበር እንዲህ ቸኮልክ?» አለችው። ከአፏ ከወጣ በኋላ ልትመልሰው ፈለገች፣ አልተመለሰም። ዮአብ እንደተመታ ሰው አጎነበሰ። ሁለቱም ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

ነርሷ ልታስታርቅ ፈልጋ ይሁን ቦታው ጠቧት፣ ፌስታል አምጥታ ለብርሃነሽ ሰጠቻት። የፈቀደ ልብስና ቦቲ ጫማው ነው፤ የጉድጓዱ ጭቃ ገና አልረገፈም። «ወደ ቤት ይውሰዱት እናቴ፣ እዚህ ይጠፋል» አለቻት። ዮአብ እኔ አለሁ በሚል ምልክት ራሱን ነቀነቀ። ብርሃነሽ ቦቲውን ታቅፋ፣ ከአስኮ ወዲያ በእግሯ እያቆራረጠች፣ እንባዋን ሳትጠርግ ቡራዩ ገባች።

ስህተቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ጋሽ ውብአየሁ የሰፈሩ እድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሞት ሲኖር በየመንደሩ እየዞሩ በአማርኛም በኦሮምኛም ይለፍፋሉ። ከበራቸው ቆመው ሳሉ ብርሃነሽ የባሏን ጫማ ታቅፋ እያለቀሰች ስታልፍ አዩዋት። ተከትለዋት ደጇ ድረስ ሄዱ። እሷ ፌስታሉን አልጋው ላይ አድርጋ ትንሰቀሰቃለች። ጋሽ ውብአየሁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አልጠየቋትም። በእኛ አገር እንዲህ ሆና የመጣችን ሴት «ሞተ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ጨዋ የለም፤ ዓይኗን አይቶ ዝም ይላል እንጂ። እሷም የመጡት ሊያጽናኗት መስሏት «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለቻቸው። እንደወጡ ፊቷን ታጠበችና በጓሮ መንገድ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች።

ጋሽ ውብአየሁ ግን በቀጥታ የሄዱት ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ወርቁ ነው። አቶ ወርቁ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡ፣ ነገር ሳያጣሩ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ስልክ ሞከሩ፤ ስልኩ ድምፅ የለውም። «ጫማውን ይዛ ነው የመጣችው?» አሉ። «ጫማውንም ልብሱንም።» «በቃ፤ ሬሳው እስኪመጣ ድንኳኑን ትከሉ።» ጡሩምባው ተነፋ።

በማግስቱ ብርሃነሽ እንደገና ወደ ቡራዩ ወጣች። ሐኪሙ ቁርጡን ዛሬ ንገሩኝ ብሏል፤ ዮአብ ሐሳቡን አልለወጠም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችንና ጎረቤቶቿን ይዛ መጥታ በሰው ብዛት ልታሸንፈው ቆርጣለች። ባሏን ትታ የወጣችው ሲተነፍስ ነው፤ እጁም ሙቅ ነበር።

አስኮን አለፍ ስትል ነገሩ ሁሉ ተለወጠባት። ትናንት ሰው ያልነበረበት መንገድ ዛሬ ሰው ይዟል። ጋቢ የደረበ፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች፣ ዱላ የያዘ ሽማግሌ፣ ልጅ ያዘለች እናት፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ድንጋዩ ከተደረደረበት ስትደርስ ወጣቶቹን አየቻቸው። ዓይናቸው በጭስና በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ብርሃነሽ እነሱንም ወታደሮቹንም እኩል ትፈራ ነበር። አንደኛው የሚመጣውን ሰው አየና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «ካራ ባና! ቦኢቻዳ!» ብሎ ጮኸ። መንገድ ክፈቱ፣ ለቅሶ ነው ማለቱ ነው። ያን ትልልቅ ድንጋይ ሲገፉት፣ አስፋልቱን ሲፍቀው፣ ወደ ቦዩ ሲያንከባልሉት ቆማ አየች። ወታደሮቹም ከወዲያ ሆነው ዝም ብለው ያያሉ።

የማን ለቅሶ ይሆን ብላ አዘነች። ከእነዚህ ልጆች የአንዱ ጓደኛ መሰላት። ደግሞም ቀናች። አዎ፣ በሰው ሬሳ ቀናች፤ ለዚህ ሰው መንገድ ተከፈተለት፣ ለኔ ባል ግን ማን ይከፍትለታል ብላ።

ከሰዉ ጋር እየሄደች ወደ ሰፈሯ ታጠፈች፤ ሰዉም ታጠፈ። ወደ ቅያሷ ገባች፤ ሰዉም ገባ። ድንኳኑ የተተከለው ከሷ በር ፊት ለፊት ነው።

እኔ እስክመጣ ሞቶ ወሬው ቀደመኝ አለች። ከዚያ ደግሞ አሰበች፤ ሲተነፍስ ትቼው ከወጣሁ ይህ ሁሉ ሰው በየት በኩል ሰምቶ፣ መቼ ደረሰ? ይህን እያሰበች ሳለ አዩዋት። የሴቶቹ ጩኸት አንድ ላይ ተነሳ። አቀፏት፤ ከአንዷ ትከሻ ወደ ሌላዋ ተቀባበሏት። አንዲት የማታውቃት የመናገሻ ሴት ደረቷን እየመታች በኦሮምኛ «ግቢዬን ያጠጣህ ወንድሜ!» እያለች ታለቅሳለች። ከሆለታ ወዲህ ያለው አገር ስልክ ሳይኖር የሰማው ከአፍ ወደ አፍ፣ በየተዘጋው መንገድ ላይ ያሉት ልጆች እየተቀባበሉት ነው። ጉድጓድ ያስቆፈሩ መጥተዋል። አባታቸውን የቀበረላቸው መጥተዋል። ልጇ በዚያው ሰሞን የሞተባት እናት፣ የራሷ ድንኳን ገና ሳይነቀል፣ ጥቁሯን እንደለበሰች መጥታለች።

ብርሃነሽ ፈራች። ክፉ ነገር ሲመጣ የሚፈራውን ፍርሃት አይደለም። እግዚአብሔር በአጠገቧ ሲያልፍ ዘወር ብላ ያየችው ያህል ተሰማት። ያ ጭቃ ለብሶ የሚገባ፣ እራቱን እየበላ የሚያንቀላፋ፣ ከለቅሶ ቤት ሲመጣ የምትጨቀጭቀው ባሏ ይህን ሁሉ ሰው ያውቅ ኖሯል። የመንግሥት ጠብመንጃና የሕዝብ ቁጣ የዘጉትን መንገድ የፈቀደ ስም ከፈተው።

ድምፅ ስታገኝ «አልሞተም» አለች።

ሰዉ አልሰማትም። ደግማ ጮኸች። «አልሞተም! ይተነፍሳል!»

ጋሽ ውብአየሁ ራሳቸውን ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ውሰዱልኝ ጡሩምባውን! ሕያው ሰው ገደልኩ!» እያሉ። አቶ ወርቁ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ፣ መልሰው ቆለፉ። ለሕያው ሰው ድንኳን ተክሎ ማልቀስ ምን ዓይነት ምልክት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ሊለው አልደፈረም። «ድንኳኑን እናውርደው?» አሉ በመጨረሻ።

የመለሱላቸው አዴ ገለቴ ናቸው፤ ከገፈርሳ በላይ የሚኖሩ፣ ፈቀደ ባላቸውን የቀበረላቸው አሮጊት። በትራቸውን ተደግፈው ተነሱና ለብርሃነሽ ብቻ ተናገሩ። «ሐኪሙ ምን አለሽ ልጄ?»

ብርሃነሽ ሁሉንም ነገረቻቸው። ማሽኑን፣ አንጎሉን፣ ዮአብን፣ እንዲህ እንዳትቀብሩኝ ያላትን። ስለ ጋሪው ስትነግራቸው ከኋላ የነበሩት ወንዶች አንገታቸውን ደፉ፤ ያን ቀን ከቤታቸው ያልወጡት እነሱ ናቸውና።

አዴ ገለቴ የብርሃነሽን እጅ ያዙ። «እኛ የመጣነው ለፈቀደ ነው። ሞተም አልሞተም ከዚህ አንነሳም። አንቺ ሂጂና ከሱ ጋር ጨርሺ። ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፤ አምላክ ያበርታሽ» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ሰዉም ተቀመጠ። አንድም ሰው አልወጣም።

ብርሃነሽ የመጣችው ሽማግሌ ይዛ ልትመለስ ነበር። ባዶ እጇን ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ በተከፈተው በኩል እየሄደች አንድ ነገር ብቻ እየደጋገመ መጣባት፦ ምክንያቷ አለቀ። የያዘችው ለመንገዱ ብላ ነበር፤ መንገዱ ይኸው። አሁን ብትይዘው የምትይዘው ለራሷ ነው። ይህን ስታውቅ አስፋልቱ መሐል ቆማ አለቀሰች፤ ከቀደመው ሁሉ የበረታው ልቅሶ ያኔ የመጣው ነው። ድንጋይ ይጠብቅ ከነበረው ልጅ አንዱ ውኃ አመጣላት። «ጠጪ ሀርሜ» አላት፤ እናቴ ማለቱ ነው። ጠጣችና ሄደች።

ዮአብ አልጋው አጠገብ ነበር። «መንገዱ ተከፍቷል» አለችው። ያየችውን ነገረችው። «እሺ ያልከው ይሁን። ለሐኪሙ እንንገረው» አለችው።

ዮአብ የወንድሙን ክንድ ያዘ። «ነገ ይሁን» አለ።

«ምን?»

«ነገ። ዛሬን ብቻ ይደር፣ እባክሽ።» እንደ ሕፃን ልጅ ፊቱ ተጨማደደ። «እኔ እኮ ይንቀሉት ስል የነበረው አንቺ እምቢ ስለምትይ ነው። አንቺ እስከያዝሽው ድረስ ልልቀቀው ማለት ይቀለኝ ነበር።»

ሌላ ቀን ቢሆን ያች ምላሰኛዋ ብርሃነሽ በስድብ ታጥበው ነበር። አሁን ግን አጠገቡ ተቀመጠችና ትናንት የወረወረችበትን ቃል ይቅር እንዲላት ለመነችው፤ እሱም ይቅር አላት። ሁለቱ ተያይዘው ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ዮአብ ራሱ ተነስቶ ሐኪሙን ጠራው።

ቱቦው ሲወጣ ብርሃነሽ የፈቀደን እጅ ይዛ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። አይሰማም ብለዋታል። እሷ ግን መናገር ጀመረች። «አዴ ገለቴ መጥተዋል። አቶ ወርቁ መጥተዋል፣ ኮታቸውን ለብሰው። ጋሽ ውብአየሁ እያለቀሱልህ ነው። የመናገሻዋ ሴትዮ መጥታለች፣ ስሟን አላውቀውም፣ አንተ ግን ታውቀዋለህ። ልጇ የሞተባት መጥታለች። አሥራትን ያልሸኙት ወንዶች ሁሉ መጥተዋል...» ደረቱ አንዴ ተነሳ፣ ቆየ፣ ደግሞ ተነሳ፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ፤ ዮአብ ትከሻዋን ያዛት።

«ቆይ» አለችው ብርሃነሽ፣ «ገና አልጨረስኩም።» ወደ ጆሮው ተጠጋችና የቀሩትን መቁጠሯን ቀጠለች።